ከራቤል እስከ አዲስ አበባ፦ የገና ሰሞን ጉዞና የመናገሻዎች ታሪክ

ለገና በዓል ከሀገር ቤት ወደ ታላቅ ከተማ ሄዶ፣ ዘመድ ጠይቆና ከተማውን አይቶ በጥቂት ቀን መመለስ ለብዙ ሰው አጭር ጉዞ ነው። እኛ ግን ከራቤል ተነሥቶ የመንዝን ደጋ አቋርጦ አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛ የሁለት መቶ ዓመት መንገድ ይጓዛል እንላለን። የሸዋ መናገሻ ራሱ በዚሁ አቅጣጫ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ሲዛወር ኖሯልና።

መነሻው መንዝ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከአጋንቻ የተነሡት ነጋሢ ክርስቶስ ወረደ ቃል የሸዋን መንግሥት መሠረት ጣሉ። እርሳቸውም ሹመታቸውን ለማስጸናት የዚያን ዘመን ታላቅ ከተማ ወደ ነበረችው ጎንደር ሄደው በዚያው እንዳረፉ ይተረካል። ዘሮቻቸው ወደ ደቡብ እየገፉ አንኮበርን አቀኑ፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም አንጎለላን ጨመሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት በአንጎለላ ሲሆን፣ በ1870 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ ጋር የታረቁት ደግሞ በልቼ ነው። ከዚያ በኋላ እንጦጦ ከተማ ሆነ፤ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ በፍል ውሃው ሜዳ አዲስ አበባ ተቆረቆረች።

ከተማው ይህን ያህል የሚነሣው ለምን ነበር? የጦርነቱና የአስተዳደሩ ምክንያት እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ አንዱ ብርቱ ምክንያት እንጨት ነው። ሠራዊትና ሕዝብ በተከማቸበት ሥፍራ ለቤትና ለማገዶ የሚሆነው ዛፍ በጥቂት ዓመታት ያልቃል። አዲስ አበባም ከዚህ ዕጣ የምታመልጥ አትመስልም ነበር። የአካባቢው ጥድ ስለ ተመናመነ፣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ምኒልክ በስተ ምዕራብ በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ውሃ ይመጣል ተብሎ ቢነቀፍም፣ ከተማይቱ በእርሱ ጸናች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

እንግዲህ የገና እንግዳ የሚያየው ብዙ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበትን የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል ይሳለማል። በጥንቱ የምኒልክ ግቢ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተውን አንድነት ፓርክ ይጎበኛል። ጌታና ሎሌ በእኩልነት ሩር ሲመቱበት የኖረውን ጃን ሜዳን ያያል። ነገር ግን ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥቶ፣ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ከተባሉበት ሥፍራ ቆሞ ዙሪያውን የሸፈነውን ባሕር ዛፍ ካልተመለከተ፣ ከተማይቱ በምን እንደ ቆመች ሳያውቅ ይመለሳል።

የመንዝ ሰው ለዚህ ምሥጢር ባዕድ አይደለም። አባቶቹ የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት፣ ጊዜ ወስነው እየዘጉና እየከፈቱ፣ ለብዙ ትውልድ ጠብቀው አቆይተውለታል፤ ቤቱ የሚከደነው በዚሁ ሣር ነውና። አንዱ ያለውን በመጠበቅ ሌላው የሌለውን በመትከል ሥፍራቸውን አጸኑ። ስለዚህ ከገና ጉዞ የተመለሰ ሰው ለልጆቹ የሕንፃውን ከፍታ ብቻ አይንገራቸው፤ አንጎለላና ልቼ ከመናገሻነት ሲወርዱ አዲስ አበባ ለምን እንደ ቀረች ጨምሮ ያስረዳቸው። ሀገር የሚጸናው በሚጠበቀውና በሚተከለው ነውና።