«ክራምብስ» የተባለው ፊልምና ሐያስያኑ

አንድ ፊልም ከወጣ በኋላ የሚጻፍለት ሒስ እርሱ ራሱ የታሪክ ሰነድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ተመልካች ስለ ፊልሙ የተባለውን ሰምቶ ነውና የሚያየው። በዚህ አጭር ጽሑፍ «ክራምብስ» የተባለው ፊልም በሐያስያን ዘንድ ያገኘውን አቀባበል ለመመርመር አስበናል። የስሙ ትርጓሜ ፍርፋሪ ማለት ነው። ያዘጋጀው በአዲስ አበባ የኖረው እስፓኛዊው ሚጌል ያንሶ ሲሆን፥ ቋንቋው አማርኛ፥ ዋና ተዋንያኑም ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በሮተርዳም የፊልም በዓል ቀርቧል። እኛ ያደግነው በወረታ አካባቢ ስለ ሆነ ነገሩን ከፎገራ ሜዳ ሆነን እናየዋለን፤ ምክንያቱን አንባቢ ወደ ፊት ይረዳዋል።

ታሪኩ ከታላቅ ጥፋት በኋላ ያለ ዘመን ነው። የሰው ዘር ተመናምኗል፤ በሰማይ ላይ ለብዙ ዘመን ቆማ የኖረች የጠፈር መርከብ መንቀሳቀስ ጀምራለች። ካንዲ የተባለው ባለታሪክ የወዳደቀ ዕቃ እየለቀመ ይኖራል፤ ከሌላ ዓለም የመጣሁ ነኝ ብሎም ያምናል። ወዳጁ በርዲ በቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ በማይክል ጆርዳን ምስል ፊት ትጸልያለች። አንድ ዕቃ ገማች ባለሱቅ ደግሞ የልጆች የፕላስቲክ መጫወቻ ሲቀርብለት እንደ ጥንት ቅርስ ያገላብጠዋል፤ ስለ አመጣጡም ከእውነት የራቀ ታላቅ ታሪክ ይተርክለታል።

ታሪኩ እንዲህ ልብ ወለድ ቢሆንም ሥፍራው እውነተኛ ነው። ካሜራው እንደ ዘጋቢ ፊልም የዳሎልን ምድርና በልዩ ልዩ ሥፍራ ተትተው የቀሩ ሕንጻዎችን እንዳሉ ያሳያል። ፊልሙን ከሌሎች የሚለየውም ይህ የእውነትና የሕልም ቅልቅል ነው።

ከውጭ አገር ሐያስያን ብዙዎቹ ፊልሙን በደስታ ተቀበሉት። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ነው የሚለው ማዕርግ በየጽሑፉ ተደጋገመ። «አፍሮፉቱሪዝም» ከሚባለውም ክፍል የመደቡት ነበሩ። ይህ ስም አሜሪካዊው ማርክ ዴሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሥራዎች ሲጽፍ ያወጣው ነው። ታሪኩ ጭጋግ ለበሰብን ብለው ያማረሩም አልጠፉም። ከሁሉ ይልቅ የተመሰገነው ግን መልክዐ ምድሩ ነው፤ የዚህ ዓለም አይመስልም ተባለለት።

እኛም የምንከራከረው በዚህ ምስጋና ላይ ነው። ዳሎል የማንም ያልሆነ ባዶ ምድር አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኢጣልያኖች በዚያ ፖታሽ አውጥተዋል፤ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻም የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ ፓርሰንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ማዕድኑን ሲመረምር ቆይቶ ሄዷል። በጨው ጡብ የተሠሩት የፈረሱ ቤቶች የዚህ ዘመን ቅሪት ናቸው እንጂ የዓለም ፍጻሜ ምልክት አይደሉም። በአቅራቢያው ባለው የጨው ሜዳም ሠራተኞች ጨው እየቆረጡ በግመል ሲያስጭኑ ኖረዋል። ከዚያ የሚወጣው አሞሌ በጎንደርና በበጌምድር ገበያ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ስለዚህ ለፎገራ አያቶቻችን ያ ምድር ከሌላ ዓለም የመጣ ሳይሆን የገበያቸው ገንዘብ የሚቆረጥበት አገር ነበር።

ፎገራን ያነሣነው ስለ አሞሌው ብቻ አይደለም። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ ሜዳው ባሕር ይሆናል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ጎርፉ እጅግ በርትቶ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። በዚያ ሰሞን አንድ እንግዳ ካሜራ ይዞ ቢመጣ፥ በውኃ መካከል የቆሙትን የሣር ቤቶች አይቶ ዓለም ያለፈች ይመስለው ነበር። ጎርፍ የማያፈናቅልበት ዓመትም ቢሆን ሜዳው ለእንግዳ ዓይን ውኃ ብቻ ነው፤ ባለአገሩ ግን በዚያው ውኃ ውስጥ ሩዙን ያርማል። እንግዳው ያየው ሐሰት ነው አንልም፤ የጎደለው የባለቤቱ ስምና ሥራ ነው።

በዚህ ረገድ ፊልሙ ከሐያስያኑ የነቃ ሆኖ አግኝተነዋል። ያ ባለሱቅ የሚያስቀን የዕቃውን ታሪክ ሳያውቅ ዋጋውን ስለሚተምን ነው። የመሬቱን ታሪክ ሳይጠይቅ ውበቱን ብቻ የተመነ ሐያሲም ከእርሱ ብዙ አይርቅም።

ለማነጻጸር ያህል የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ የሠራውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) እናንሣ። እርሱም በጥቁርና ነጭ ዘጋቢነትንና ልብ ወለድን ያዋሐደ ነው። በዚያ ፊልም ከብት ጠባቂዋን ልጅ ጎርፍ ይወስዳታል። ያን ትዕይንት ያየ የፎገራ ሰው ይህ የት አገር ነው ብሎ አይጠይቅም። በዚህም ፊልም መሬቱ ባለቤት አለው፤ ክርክሩም ሁሉ በመሬቱ ባለቤትነት ላይ ነው።

ይህን ስንል ያንሶ በዳሎል ፊልም መሥራት አልነበረበትም ማለታችን አይደለም። ሥራው ድፍረትና ቀልድ ያለው ነው፤ አማርኛ ስለ መጪው ዘመን ሲነገርበት መስማታችንም ደስ አሰኝቶናል። ነገር ግን ስለ ፊልሙ የሚጻፈው ታሪክ በሩቅ ተመልካች ቃል ብቻ እንዳይዘጋ ያሳስበናል። በተለይ የአፋር ተወላጅ የሆኑ ጓደኞቻችን ዳሎልን በዚያ ፊልም ውስጥ እንዴት እንዳዩት ቢጽፉልን፥ ይህ ጽሑፍ የጎደለውን ያገኛል። ስሕተት ብናደርግም እነርሱ ያርሙናል።