ከተደፋው ጣሳ እስከ ዌብሳይት

የጠላ ቤት ማስታወቂያ ምን እንደነበር ታስታውሳላችሁ? በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ። ጽሑፍ የለው፣ ስም የለው። መንገደኛው ግን ገና ከሩቁ ምን እንደሚሸጥ፣ የት እንደሚሸጥ፣ ማንም ጎራ ማለት እንደሚችል ያውቃል። ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ እስካሁን አላየሁም።

ይሄን ያነሳሁት ብዙዎቻችሁ የራሳችሁን ትንሽ ሥራ ከጀመራችሁ በኋላ «ቲቸር፣ ዌብሳይት ማሠራት ያዋጣል?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ ነው። እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ያስተማርኳችሁ ታሪክ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ።

በአገራችን ባለ እጅ ራሱን ለማስተዋወቅ የታደለ አልነበረም። ብረት የሚሠራው «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ»፣ ሸክላ የምትሠራዋ «ቡዳ» ይባሉ ነበር። ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። እስቲ አስቡት፦ ሙያህ ስድብ በሆነበት አገር ስምህን ከነሙያህ በር ላይ ትጽፋለህ? አትጽፍም። ደንበኛህ የሚመጣው በሰው በሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ የምኒልክ ባለ እጆች የሰፈሩበት ቦታ «ሠራተኛ ሰፈር» ተባለና የሰፈሩ ስም ራሱ ታፔላ ሆነ። ስሙን በትልቁ አስጽፎ በር ላይ የመስቀልን ነገር ያለማመዱን አራዳ ላይ ሱቅ የከፈቱት ግሪኮች፣ አርመኖችና ሕንዶች ይመስሉኛል።

ከዚያ መርካቶ መጣ። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933) የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንስቶ ወደ ምዕራብ ገፋው። ሐሳቡ ነጩንና ጥቁሩን መለየት ነበር። ጣሊያን ሄደ፤ ስሙ ቀረ። ቦታውን ግን ነጋዴው በራሱ ሥርዓት ሞላው፤ በተራ። ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ጆንያ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ይሄ ተራ የሚባለው ነገር ቀላል ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ጉግል ላይ «ቆርቆሮ» ብላችሁ የምትፈልጉትን፣ የያኔው ገዢ በእግሩ ቆርቆሮ ተራ ገብቶ ያገኘው ነበር። የነጋዴውን ስም ማወቅ አያስፈልገውም። ሃያ ሱቅ ጎን ለጎን ስላለ ዋጋውን አንዱ ጋ ጠይቆ ሌላው ጋ ያመሳክራል። አንዱ ሱቅ ያጣውን ዕቃ ከጎረቤቱ ያመጣለታል። ለነጋዴውም ማስታወቂያው ነፃ ነው፤ የተራው ስም ይሠራለታል። ጉድለቱ ደግሞ ከተራው ውጪ ያለውን ሰው አለማወቁ ነው። ኮንዶሚኒየም ሥር አንዲት ክፍል ተከራይቶ በርና መስኮት የሚበይደውን ልጅ የትኛው ተራ ያስተዋውቀው?

አድራሻችንም የጉድ ነው። ስለ መንገድ ስምና ስለ ቤት ቁጥር ማን ያወራል? «ከእገሌ ሆቴል ፊት ለፊት፣ ከፋርማሲው ዝቅ ብሎ።» ይሄ ለብዙ ዘመን ሠርቷል፤ ሆቴሉና ፋርማሲው እስካሉ ድረስ። በ2016 ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ የሱቆቹ ብቻ ሳይሆን የምልክቶቹም ጉዳይ ሆነ። ሃያ ዓመት እዚያው የሠራ ሰዓት ጠጋኝ ወይም ልብስ ሰፊ ሌላ ሰፈር ሲገባ ደንበኛው በምን ያግኘው? ስልኩን የያዘለት ያገኘዋል፤ ያልያዘው አያገኘውም።

ዌብሳይት የሚባለው ነገር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቲም በርነርስ ሊ የመጀመሪያውን ድረ ገጽ ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ድንበር ላይ ባለው ሰርን ውስጥ የሠራው የፊዚክስ ተመራማሪዎች መረጃ እንዲለዋወጡበት ነው። ሰርን እ.ኤ.አ. በ1993 ቴክኖሎጂውን ለዓለም በነፃ ለቀቀው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን የኢትዮጵያ የሎው ፔጅስ የሚባል ወፍራም መጽሐፍ ያትሙ ነበር፤ ምግብ ቤቱ፣ ጠበቃው፣ መካኒኩ፣ ሁሉም በየተራው። መርካቶ በወረቀት!

እኛ ጋ ኢንተርኔት የገባው በ1989 ነው። ፊደላችን ግን ወዲያው አልገባበትም። እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የራሱ ኮድ ስለነበረው፣ ፎንቱን ያልጫነ ሰው ገጹን ሲከፍት የሚያየው ዝብርቅርቅ ምልክት ነበር። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ተጭኖ ለተራው ሰው የደረሰው ደግሞ በ2007። ስለዚህ በነዚያ ዓመታት ድረ ገጽ ያሠራ ነጋዴ ወይ በእንግሊዝኛ አስጻፈ፣ ወይ አማርኛውን በፎቶ መልክ ለጠፈ። ፎቶ ላይ ያለን ጽሑፍ ደግሞ ያኔ መፈለጊያው አያነበውም። የእንግሊዝኛው ልማድ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀንም፤ ምክንያቱ ጠፍቶ እንኳ።

በርና መስኮት የሚሠራ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ያሠራውን አሳየኝ። መጀመሪያ የሚታየው የማያውቀው አገር የመስታወት ሕንፃ ነው። ከሥሩ ስለ ራዕይና ተልዕኮ በእንግሊዝኛ። «ያግኙን» የሚለውን ሲጫኑት ፎርም ይመጣል። የኛ ሰው ደግሞ ፎርም አይሞላም፤ ይደውላል! ስልኩ የመጨረሻው ገጽ ግርጌ በጥቃቅን ተጽፏል። እሱ ራሱ የበየዳቸው የሚያማምሩ በሮች አንድም አልነበሩበትም። የባሰው ደግሞ ዶሜኑ የተመዘገበው በሠራለት ልጅ ኢሜይል ነው። ልጁ ውጭ አገር ሄደ፣ የዓመቱ ክፍያ አለፈ፣ ገጹ ጠፋ። ቢዝነስ ካርዱ ላይና መኪናው ላይ የተጻፈው አድራሻ ግን አሁንም አለ።

«ቴሌግራም ቻናል አይበቃም?» የሚሉኝ አሉ። ለዕለት ገበያ ይበቃል፤ ከ2013 ወዲህ ቴሌብር ሲጨመርበት ደግሞ ክፍያውም እዚያው በስልክ ያልቃል። ነገር ግን ዛሬ የለጠፍከው ነገ ወደ ላይ ሄዶ ይቀበራል፤ ቻናሉም የድርጅቱ እንጂ ያንተ አይደለም። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ ደግሞ ቻናሉም ዌብሳይቱም እኩል ጨለሙ፤ ሲሠራ የቆየው ስልክ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዬ የነገርኩት ይሄን ነው። አንድ ገጽ ይበቃሃል። ከላይ በአማርኛ ምን እንደምትሠራ በአንድ መስመር። ከሥሩ ስልክህ፣ ሲነኩት የሚደውል፣ በትልቁ። ቀጥሎ የራስህ እጅ ሥራ ፎቶ፣ ከነመለኪያውና ከነሠራህበት ሰፈር። መነሻ ዋጋ ጻፍ፤ ዋጋ የሌለው ገጽ «አስወድደው ነው» ያሰኛል። ቦታህን በካርታ አስገባ፣ ምልክትም ጥቀስ፤ ግን አንድ ሳይሆን ሁለት ምልክት፣ አንዱ ቢፈርስ ሌላው እንዲኖር። ዶሜኑን በራስህ ስምና ኢሜይል አስመዝግብ፤ የይለፍ ቃሉን ለባለቤትህም አሳውቃት። ሁሉም ነገር በደካማ ኔትወርክና በርካሽ ስልክ ይከፈት፤ አንተ ጋ የሚመጣው ደንበኛ የያዘው እሱን ነው።

አሁን ደግሞ የኔ ጥያቄ። በእጅ የተሳሉ የድሮ ታፔላዎች ፎቶ ያላችሁ፣ የፀጉር ቤቱ መቀስ፣ የሥጋ ቤቱ በሬ፣ ከተገኘም የተደፋው ጣሳ፣ ሰፈሩንና ዓመቱን ጽፋችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ።