መስቀል ከጓሮ ይጀምራል

በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር መስከረም 26 የሚገባው ወቅት መጸው ነው፤ ጸደይ የሚመጣው ገና መጋቢት 26 ነው። ገበሬው ግን ዝናቡ ሲያባራ የሚብተውን ጊዜ ጥቢ ብሎ ይገላገላል። በጉራጌ አገር፣ በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ፣ ጥቢ ማለት መስቀል ነው። የመስቀል ድግስ ደግሞ በሬው ከመታረዱ ብዙ ቀድሞ ከቤቱ ጀርባ ይጀምራል።

የጉራጌ ቤት ፊቱን የሚሰጠው ለጀፎረ ነው። ጀፎረ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ መንገድ ነው፤ ከብት ይግጥበታል፣ ለቅሶና ሠርግ ይቆምበታል፣ ልጆች ይቦርቁበታል። አጥሮ የግል ማድረግ በባህላዊው ሕግ፣ በቅጫ፣ ነውር ነው። ጓሮው ግን የቤተሰቡ ነው። ለቤቱ ቀረብ ብሎ ጎመን፣ ከዚያ እንሰት፣ ራቅ ሲል ቡና ወይም ጫት ይከተላል፤ ባሕር ዛፍም ኋላ ተጨምሮበታል። እንሰት ለቤት የቀረበው ለጌጥ አይደለም። ፍግ ይወዳል፤ ፍጉን ከጋጣ የምታወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት፣ ትንንሾቹም ይከተሏታል።

አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ዊሊያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎታል። አልተሳሳተም። እንሰት ትዕግሥት የሚጠይቅ ተክል ነው። የእናቲቱ ሥር ይወጣና የማደጊያው እምብርት ተቆርጦ ይቀበራል፤ ከዚያ በርካታ ችግኞች ይፈላሉ። ችግኞቹ በየዓመቱ ከቦታ ቦታ እየተነቀሉ ይተከላሉ፣ በየዝውውሩም ርቀታቸው ይሰፋል። ለምግብ እስኪደርሱ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ያልፋል። ልጅ ሲወለድ የተተከለ እንሰት የሚፋቀው ልጁ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል ነው።

ልማዱ ተከላውን ለወንድ፣ ፍቂያውን ለሴት ይሰጣል። ይህ ክፍፍል ግን ቀድሞውንም የተፈተነ ነው። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አካባቢው በምኒልክ መንግሥት ሥር ከዋለ በኋላ፣ የጉራጌ ወንዶች ለግብርና ለኑሮ ገንዘብ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይጎርፉ ጀመር። አንዳንዱ ተሸካሚ ሆነ፣ አንዳንዱ ቸርቻሪ፤ ውሎ አድሮም ባለ ሱቅ። ጓሮው ከእናትና ከልጆች ጋር ቀረ። አባት በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል፣ ሲመለስ እንሰቱም ልጁም አድገው ይጠብቁታል። ሙስሊሙ ቤተሰብ ደግሞ የሚገናኘው በአረፋ ነው። የመንገዱ ርዝመት ያንገበገባቸው ከተሜዎች በ1950ዎቹ ዓ.ም. የመንገድ ሥራ ማኅበራት አቋቁመው፣ ከየኪሳቸው እያዋጡ፣ መንገድ አስጠርገዋል።

የድግሱ ወጪም እንዲሁ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ሴቶች ውጆ ይገባሉ፦ ቅቤ በየተራ የሚዋጣበት ዕቁብ። ወንዶች ለበሬው ገንዘብ ያስቀምጣሉ። ልጆች ለደመራ እንጨት ይለቅማሉ፤ ይህ ሥራ ከየትኛውም የቤት ሥራ በላይ እንደሚጣፍጣቸው መገመት አያቅትም። ለበዓሉ የሚበላው ቆጮ ቀደም ብሎ ተፍቆ፣ በኮባ በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ እየቦካ ሰንብቷል። ጥቢ ሲገባ ከጓሮው ለጋ ሆኖ የሚቀነጠሰው ጎመን ነው፤ ተከትፎ በቅቤና በአይብ ሲለወስ የጎመን ክትፎ ይሆናል። የሥጋው ክትፎ ተራው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ክትፎ ቤቶቿን ስትከፍት የወሰደችው በአብዛኛው ሁለተኛውን ነው፤ ይህ ጸሐፊ ግን የመጀመሪያውም ምልክት ሊሰቀልለት ይገባ ነበር ባይ ነው።

ጓሮው ያለ ጠላት አልኖረም። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በ1968 እ.ኤ.አ. በሳይንሳዊ ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ አንድ ተክል በቆረጠ ቢላ ሌላውን መቁረጥ ለበሽታው መንገድ መክፈት ነው። ለዚህም ነው መሣሪያን በእሳት መለብለብ የሚመከረው። በወልቂጤና በቡታጅራ መሐል ከተማ ደግሞ ቦታው ራሱ ጠቧል። ሰፊው ጀፎረ ወደ አስፋልት፣ ጓሮውም ወደ ብሎኬት ግቢ ተለውጧል። ቢሆንም በዘቢዳር ተራራ ግርጌ ባለችው ቡታጅራ ከቆርቆሮ አጥር በላይ የእንሰት ቅጠል ብቅ ብሎ ማየት ብርቅ አይደለም።

መስቀል አልፎ መኪናዎቹ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ጭነታቸው ያስታውቃል፦ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ ቅቤ፣ አንዳንዴም ከአያት ጓሮ ተነቅሎ፣ ሥሩ ከነአፈሩ የታሰረ የእንሰት ችግኝ።