ብሬክአዌይ፦ «ተነጣዮች»

በብስክሌት ውድድር ከብዙኃኑ ተለይተው ወደፊት የሚያመልጡ ጥቂት ተወዳዳሪዎች በእንግሊዝኛ ብሬክአዌይ ይባላሉ። በአማርኛ «ተነጣዮች» ብንላቸው ያስኬዳል። የሩጫ ዘገባ «ተነጥሎ ወጣ» ማለትን ስላስለመደን ለጆሮ እንግዳ አይሆንም። «ተገንጣዮች» ግን አይሆንም፤ ቃሉን ፖለቲካው ወስዶታል። «ተነጣይ ቡድን» ማለትም ያሳስታል፤ አብረው ያመለጡት አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ክለብ ልጆች ናቸውና መጨረሻው ሲቃረብ እርስ በርስ ይፋለማሉ። ከኋላ በአንድነት የሚመጣውን ብዙኃን እንዳለ ፔሎቶን፣ ተነጣዮቹን ለመያዝ የሚተጉትን ደግሞ «አሳዳጆች» እንበል።

ሜዳ ላይ ከፊት ያለው ብስክሌተኛ አየሩን ይሰነጥቃል፤ ከኋላው የተጠጋው በእጅጉ ያነሰ ጉልበት አውጥቶ እኩል ይሄዳል። እየተፈራረቁ የሚጎትቱ ብዙዎች ጥቂቶችን መድረስ የማይቸግራቸው ለዚህ ነው። ዳገት ላይ ፍጥነት ሲቀንስ ግን ዋናው ባላጋራ የራስ ክብደት ይሆናል፤ ከሰው ጀርባ መጠለልም ያን ያህል አይጠቅምም። ተነጣዮች ተስፋ የሚያደርጉት በተራራ ቀን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የቱር ደ ፍራንስ 18ኛ ምዕራፍ፣ ሉክሰምበርጋዊው አንዲ ሽሌክ ኢዝዋር ተራራ ላይ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ተስፈነጠረ። ባላንጣዎቹ ተያዩ እንጂ አልተከተሉትም። የክለብ ባልደረባው ማክሲም ሞንፎርት ግን አስቀድሞ ከተነጣዮቹ ጋር ወጥቶ ነበርና፣ ነፋሱ በሚከብድበት ሸለቆ ከፊቱ ሆኖ ጎተተው። የተሰላ ነገር ነበር።

አሳዳጆቹ በበኩላቸው «ማን ይጎትት?» በሚል ተፋጠጡ። የጎተተ ይደክማል፤ የተጠለለው ኋላ ይቀድመዋል። ልዩነቱ ወደ 4 ደቂቃ ሲደርስ አውስትራሊያዊው ካዴል ኢቫንስ የሌላውን እርዳታ መጠበቁን ትቶ ጋሊቢየር ተራራ ላይ ፊቱን ያዘ። የአጠቃላዩን ውድድር መሪ ቢጫ ማልያ የለበሰው ቶማ ቮክለርም ከጀርባው ተለጥፎ ወጣና ማልያውን በ15 ሴኮንድ አዳነ።

ሽሌክ 2,645 ሜትር ከፍታ ላይ አሸነፈ፤ ቱሩ ከዚያ በፊት ያን ያህል ከፍታ ላይ አንድም ምዕራፍ ጨርሶ አያውቅም። የዚያ ቀን ትልቁ ሥራ ግን፣ በእኔ ሚዛን፣ 2 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ዘግይቶ የገባው የአሳዳጁ ነው። ኢቫንስ ከሁለት ቀን በኋላ ግሬኖብል ላይ እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር በተሽቀዳደመበት ምዕራፍ ሽሌክን ቀድሞ፣ ቱር ደ ፍራንስን በ1 ደቂቃ ከ34 ሴኮንድ ልዩነት አሸነፈ።