የአሽሊ ዝላይና የጃንሆይ ውሾች

ሐምሌ 29 ቀን 1966 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ፣ ዶጀር ስታዲየም። ዶጀርስና ሬድስ ቤዝቦል ይጫወታሉ፤ ጨዋታው በቴሌቪዥን ለመላው አሜሪካ ይተላለፋል። አሌክስ ስታይን የሚባል የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ውሻውን ደብቆ አስገብቶ ኖሮ፣ በጨዋታው መሃል አጥሩን ዘሎ ሜዳ ገባ። ፍሪዝቢ፣ ማለትም ያችን እንደ ሰሃን ዝርግ የሆነች የፕላስቲክ መጫወቻ፣ ወረወረ። አሽሊ የተባለው ዊፔት ውሻ ተፈተለከ፤ ዘሎ አየር ላይ በአፉ ቀለባት። ደግሞ ወረወረ፣ ደግሞ ቀለበ። ጨዋታው ለደቂቃዎች ቆመ። አስተላላፊው ጆ ጋራጂዮላም ቤዝቦሉን ትቶ የውሻውን ሩጫ ማስተላለፍ ጀመረ። ተማሪው ተይዞ 250 ዶላር ተቀጣ። በዓመቱ ግን የፍሪዝቢ ውሾች የዓለም ሻምፒዮና ተጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ያሸነፈውም አሽሊ ነው።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ሌላ ትርኢት ላይ ነበረች። ልጅ ሚካኤል እምሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ ገና ሁለት ሳምንታቸው ነው፤ ደርግ የንጉሡን ሰዎች አንድ በአንድ እየለቀመ ያስራል። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ፊልሙ በእንግሊዝ አገር ከታየ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ደርግ ግን እንዳለ አላቀረበውም፤ በሚያልቁት ሕፃናት መሃል የቤተ መንግሥቱን ድግስና ጃንሆይ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል ሰካበት። በማግስቱ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ።

ረሃቡን የደበቁት ሰዎች ነበሩ፤ በስክሪኑ ላይ አብሮ የተከሰሰው ግን ውሻውም ጭምር ነው። ክሱም ሠራ። ከአራት ዓመት በኋላ ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ ስለ ጃንሆይ መጽሐፉን ሲያወጣ፣ ሉሉ የተባለችው ትንሿ ውሻ የባለሥልጣን ጫማ ላይ ስትሸና ተከትሎ የሚጠርግ ሹም ነበር ብሎ ጻፈ። የታሪክ ሰዎች የመጽሐፉን ብዙ ነገር አልተቀበሉትም፤ ይህች ታሪክ ግን ዛሬም ከመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምትታወስ ናት። የተንከባከቡት ውሻ ማለት የጥጋብ ምልክት ነው የሚለው ስሜት ከዚያ ወዲህ ከከተሜው አፍ አልጠፋም።

ከዚህ በፊት የኖረ ፍርሃትም አለ፤ እሱ ደግሞ ምክንያት አለው። በነሐሴ 1895 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ክትባቱ መጥቶም መከራው አልቀለለም። ለብዙ አሥርት ዓመታት አገር ውስጥ የሚመረተው ክትባት ከእንስሳት አንጎል የሚዘጋጅ ነበር፤ የተነከሰ ሰው ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆዱ ላይ ይወጋል። ያንን መርፌ ያየች እናት ልጇን «ከውሻ ራቅ!» ብትል ማን ይፈርድባታል? ከሲዳማ ብዙም በማይርቀው ባሌም ከመንደር ውሾች የተሻገረው ይኸው በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል።

እናም ውሻ እኛ ዘንድ ሁለት ኑሮ ብቻ ቀረለት፦ ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ ዘበኛ መሆን፣ ወይም የመንገድ ላይ መሆን። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የዋለ ብርቱ ውሻ ጀግና አይሆንም፤ ጉልበቱን የሚያወጣበት ቢያጣ ይቆፍራል፣ ይጮኻል፣ መጨረሻ ላይ ይነክሳል። በሰው እግር የሚፈርደው ያው መታሰሩ ነው።

የውሻ መሰናክል ውድድር በ1970 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በክራፍትስ የውሻ ትርኢት ላይ ሲጀመር ለሌላ ነገር ታስቦ አልነበረም። ጆን ቫርሊ የተባለ አዘጋጅ፣ ተመልካቹ በሁለት ዝግጅቶች መሃል እንዳይሰለቸው ከፈረስ ዝላይ ኮርጆ ያመጣው ማለፊያ ነው። አሠልጣኙ ፒተር ሚንዌል መሰናክሎቹን ነደፈ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በእንግሊዝ የውሻ ማኅበር ደንብ የወጣለት ስፖርት ሆነ። ነገሩ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም፤ የፌዴራል ፖሊስ አነፍናፊ ውሾች አሉት። አነፍናፊ ውሻ ፈንጂ የሚፈልገው ፈንጂ ምን እንደሆነ ገብቶት አይደለም፤ ሲያገኝ ኳሱ ስለሚሰጠው ነው። ሥልጠናው ሁሉ ጨዋታ ነው።

አሁን ሐዋሳ ላይ፣ ሐይቁ አጠገብ ያለውን ጉዱማሌን ያስቧል። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው ፍቼ ጫምባላላ የሚከበርበት፣ ቄጣላ የሚዜምበት ሜዳ ነው። በጫምባላላ ዕለት ከብት አይታረድም፣ ዛፍ አይቆረጥም፤ ከብቶች ወደተጠበቀላቸው ሣር ይነዳሉ። ለእንስሳ የዕረፍት ቀን የቆረጠ ባህል የውሻን ነገር ለመስማት ጆሮ አያጣም። በበዓሉ ሰሞን ማንም ውሻ ይዞ እዚያ አይድረስ፤ ሜዳው የሽማግሌዎችና የሕዝቡ ነው። በሌላው ጊዜ ግን እንደ ጉዱማሌ ያለ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ መሬት ይህ ስፖርት አጥብቆ የሚፈልገው ነገር ነው፤ አስፋልት ላይ የሚዘል ውሻ መገጣጠሚያው ቶሎ ያልቃል።

ሥራው የሚጀመረው ከክትባት ወረቀትና ከረጅም ገመድ ነው። ውሻው ስሙ ሲጠራ ትቶ መምጣት እስኪለምድ ገመዱ አይፈታም። ፍሪዝቢዋ መጀመሪያ አትወረወርም፤ መሬት ላይ እንደ ጎማ ትንከባለላለች፣ ውሻው ያሳድዳታል፣ ይዞ ሲመለስ ወዲያው ቁራሽ ሥጋ ይጎርሳል። ቢዘገይ ለምን እንደተሰጠው አይገባውም። ዓመት ያልሞላው ቡችላ አጥንቱ ስላልጠና አይዘልም። አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ ያውም ፀሐይ ሳትከር፤ ከዚያ ውኃ ጠጥቶ ጥላ ሥር ይተኛል።