ድንጋይ የሆነው እንጨት

ኢጣሊያዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1896 አባያ ሐይቅ ዳር ሲደርስ፣ ባለአገሩ ያወጣለትን ስም ትቶ በንግሥቱ ስም «ማርጋሪታ» አለው። ከዚያም ወደ ምዕራብ ዘልቆ ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ። በ1902 ደግሞ ፈረንሳዊው ቡር ደ ቦዛ የመራው ቡድን በታችኛው ኦሞ ቅሪተ አካል ለቅሞ ወደ ፓሪስ ወሰደ። የዘመኑ አሳሾች ልማድ ይኸው ነበር፤ ስም ይሰጣሉ፣ ድንጋይ ይወስዳሉ። «ማርጋሪታ» ከካርታ ላይ ተፍቆ አባያ በስሙ ቀረ። ከቦታው የተነሳ ድንጋይ ግን እንደ ስም በቀላሉ አይመለስም።

ቅሪተ አካል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አጥንትን ነው። ይሁን እንጂ እንጨትም ድንጋይ ይሆናል። የወደቀ ግንድ ሳይበሰብስ በደለል ወይም በእሳተ ገሞራ አመድ ይቀበራል። ውኃ ከአመዱ ያሟሟው ሲሊካ የተባለ ማዕድን በእንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ቀስ በቀስ ይረጋል። ዘመን ሲያልፍ መልኩ እንጨት፣ ክብደቱ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን እንጨት የሚፈልግ ሰው ውኃና አመድ የተገናኙበትን ጥንታዊ ደለል ይከተላል።

በአገራችን ሁለት ቦታዎችን እንጥቀስ። አንደኛው ከጎንደር በስተምዕራብ የሚገኘው ጭልጋ ሲሆን፣ በዚያ የተገኘው የእንጨትና የቅጠል ቅሪት 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። ሁለተኛው ታችኛው ኦሞ ነው። ከ1967 ጀምሮ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ቡድኖች በዚያ ሲሠሩ፣ የተገኘው ሁሉ ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደወጣ ይመዘግቡ ነበር። በንጣፎቹ መካከል ያለው አመድ ዕድሜው ስለሚለካ፣ እንጨቱም ዘመኑ ይታወቃል።

የዛፉን ዘር ለመለየት ደግሞ ድንጋዩ እንደ ወረቀት ሳስቶ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ከዛሬ ዛፎች ጋርም ይነጻጸራል። የሞተውን ለማንበብ ሕያው ያስፈልጋል። ከአርባ ምንጭ ከተማ ግርጌ በምንጮቹ ውኃ የሚኖረው ደን፣ ሾላዎቹን ጨምሮ፣ ለተመራማሪ እንዲህ ያለ መዝገብ ነው። ደኑ ለማገዶ ካለቀ፣ የድንጋዩም ትርጓሜ አብሮ ይጎድላል።

በአሜሪካ፣ በአንዳንድ የመንግሥት መሬቶች ማንኛውም ሰው ለግሉ በቀን 25 ፓውንድ፣ ማለትም 11 ኪሎ ያህል፣ ድንጋይ የሆነ እንጨት እንዲወስድ ይፈቀድለታል። የእኛ ሕግ መንገዱ ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተፈጥሮን የለውጥ ሂደት የሚመሰክረውንም በቅርስነት ይቆጥራል፤ ያለ ፈቃድ ፍለጋ ማካሄድን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም እንዲያሳውቅ ያዛል።

ይህ ንፍገት አይደለም። ከንጣፉ የተነሳ እንጨት የሳሎን ጌጥ ይሆናል እንጂ ዘመኑንና አገሩን መናገር አይችልም። ምስክርን ከቦታው አንስቶ ቃሉን መጠየቅ ከንቱ ነው። ስለሆነም በሸለቆው ሲያልፍ እንጨት መሳይ ድንጋይ ያየ ሰው፣ ቦታውን ምልክት አድርጎ፣ ፎቶግራፍ አንስቶ፣ በአቅራቢያው ላለው የባህል ጽሕፈት ቤት ቢነግር ከማንኛውም ለቃሚ የበለጠ ሰብስቧል።