የባቄላ ወገን ዕፀዋት ጥናትና ስብስብ፦ ከጅማ የቡና ጥላ እስከ ዘር ባንክ

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ የቡና ማሳዎች ጥላ የሚሰጡት ሰሳና ብርብራ በማዕዳችን ከሚቀርቡት ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ጋር የአንድ ወገን ዕፀዋት ናቸው። በሥሮቻቸው እባጮች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ስለሚወስዱ አፈሩ ይዳብራል። በመሆኑም ይህን ወገን በጥራጥሬ ብቻ ወስኖ ማስተማር የቡናውን አገር ተማሪ በደጁ ካለው ዕውቀት ያርቀዋል። የጥናቱን ታሪክ ባጭሩ መመልከት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ዘር ከሰበሰበ በኋላ፣ አገራችንን ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መገኛዎች እንደ አንዷ ቆጠራት። ጅማ በ1952 የእርሻ ትምህርት ቤት አገኘች። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1966 ከተቋቋመ በኋላ በ1967 በመልኮ የጅማ ምርምር ማዕከል ሥራውን ጀመረ።

የዕፀዋት ስብስብ ሁለት ዓይነት መሆኑን መለየት ይገባል። የመጀመሪያው ሐርባሪየም ሲሆን፣ የደረቀ ናሙና ይዞ የተክሉን ማንነት ይመሰክራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሐርባሪየም በ1959 ተመሠረተ፤ የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክትም በ1980 ተጀመረ። ስዊድናዊው ማትስ ቱሊን የኢትዮጵያን የባቄላ ወገን ዕፀዋት የሚመለከት ጥናቱን በ1983 አሳተመ፤ ወገኑን የያዘው የፍሎራው 3ኛ ቅጽም በ1989 ወጣ።

ሁለተኛው የዘር ባንክ ነው፤ ዘሩን ለመብቀል እንደበቃ ያቆያል። የዕፀዋት ዘር ሀብት ማዕከል በ1976 በኢትዮጵያና በጀርመን ትብብር ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ማዕከሉን ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም ሊጠበቅ እንደሚገባ አጥብቀው አስተምረዋል።

ይህ ትምህርት በተለይ ለጥላ ዛፍ ይሠራል። ብርብራ በተፈጥሮ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ዛፉ ከማሳው ከጠፋ፣ በሐርባሪየሙ የቀረው ደረቅ ቅርንጫፍ ስሙን ያስታውሳል እንጂ ቡናውን አያጠልልም። በዘር ባንክ የተቀመጠውም ፍሬ ተዘርቶ ጥላ እስኪሆን ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸው በአካባቢያቸው ያሉትን የዚህ ወገን ዕፀዋት እንዲመዘግቡ ቢያደርጉ ይጠቅማል። የአማርኛና የኦሮምኛ ስም፣ ለምሳሌ ሰሳና ሙካ አርባ፣ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑና ጥቅሙ በናሙና መግለጫ ላይ የሚሰፍሩ መረጃዎች ናቸው። ስሙንና ጥቅሙን አውቆ ለሰብሳቢዎች የነገረው ገበሬው ነውና፣ ተማሪው መጠየቅ የሚጀምረው ከቤተሰቡ ነው። የትምህርት ፕላን አውጪዎችም ለዚህ ሥራ የሚሆን ክፍለ ጊዜና የትምህርት ቤት ቦታ ሊመድቡለት ይገባል።